ከድረ ገጽ ሥራ ወደ ሕክምናና ሳይንሳዊ ፕሮግራሚንግ መሸጋገር፦ ኮምቦልቻ ሆኖ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ ቦርከና

ሰላም ለዚህ መድረክ አባላት። በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቅሁ ወዲህ ኮምቦልቻ ተቀምጬ ለነጋዴዎችና ለትንንሽ ፋብሪካዎች ድረ ገጽ፣ የመጋዘን መቆጣጠሪያና የሽያጭ ሥርዓት እየሠራሁ እተዳደራለሁ። አብዛኛውን ሥራዬን የምጽፈው በጃቫስክሪፕትና በፒኤችፒ ሲሆን ፓይተንንም በመጠኑ እሞካክራለሁ። ሥራው እንጀራ ሆኖኛል፤ ነገር ግን ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው ስሸጋገር የምጽፈው ነገር ያው እየሆነብኝ ስለ መጣ፣ ወደ ሕክምና ወይም ወደ ሳይንሳዊ ምርምር የሚጠጋ ፕሮግራሚንግ ለመግባት አስቤአለሁ። እኅቴ የላብራቶሪ ባለሙያ ስለሆነች ከማሽን የወጣ ውጤት በእጅ ወደ መዝገብ፣ ከመዝገብ ደግሞ ወደ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚገለበጥ ደጋግማ ነግራኛለች፤ ሐሳቡም የመጣልኝ ከዚያ ነው።

ለመጠየቅ የፈለግሁት አዲስ ቋንቋ በተለይም ሲ ፕላስ ፕላስን ወይም አርን መማር ይኖርብኝ እንደሆነ፣ ያለ ሕክምና ትምህርት ወደዚህ ዘርፍ መግባት ይቻል እንደሆነና ወደ አዲስ አበባ ሳልሄድ ከዚሁ ከደሴና ከኮምቦልቻ አካባቢ ሆኜ ልሠራው የምችለው ነገር ይኖር እንደሆነ ነው። ልምድ ያላችሁ ሰዎች ብትመልሱልኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ካርድ ክፍል

ጤና ይስጥልኝ፣ ቦርከና። እኔ የምሠራው ደሴ ውስጥ በጤና መረጃ ሥራ ላይ ስለሆነ በማውቀው ወገን ብቻ እመልሳለሁ። በመጀመሪያ ግን ጥያቄዎ ሦስት የተለያዩ ሙያዎችን በአንድ ስም እንደ ጠራ ልብ ይበሉ። የሆስፒታልን መዝገብና ሪፖርት የሚይዝ ሥርዓት የሚሠራ፣ በሕክምና መሣሪያ ውስጥ የሚገባውን ሶፍትዌር የሚጽፍና ለተመራማሪዎች ዳታ የሚተነትን ሰው፣ ሦስቱም በአንድ ቋንቋ ቢጽፉ እንኳ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣቸው ስሕተት የተለያየ ነው። በቋንቋ ምርጫ ላይ ብዙ ጊዜ እንዳያጠፉ እመክራለሁ።

ሦስቱም የሚጋሩት ግን ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ የማወቅ ግዴታ አለ፤ ለዚህም ከደጃችን የተገኘ ምሳሌ ልስጥዎ። ነፍሰ ጡር ያልሆነች አንዲት ሴት ደሟ ተመርምሮ ሄሞግሎቢኗ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) በዴሲሊትር 12.9 ግራም ሆነ እንበል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ላለች ሴት የደም ማነስ የሚለው ከ12 በታች የሆነውን ስለሆነ፣ ይህችን ወሰን ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም ሴትዮዋን «ጤነኛ» ብሎ ያልፋታል። ነገር ግን በከፍታ ቦታ ኦክስጅኑ ስለሚሳሳ የነዋሪው ሰውነት ሄሞግሎቢን አብዝቶ ያመርታል፤ ስለዚህም ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ሰንጠረዥ መሠረት በ2,500 ሜትር ከፍታ ለሚኖር ሰው ከተለካው ቁጥር ላይ 1.3 ይቀነሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የሴትዮዋ ውጤት ወደ 11.6 ይወርድና የደም ማነስ ይሆናል። ኮምቦልቻ ግን ከ1,800 ሜትር ብዙ ስለማትርቅና ሰንጠረዡ ለ1,500 ሜትር 0.5፣ ለ2,000 ሜትር 0.8 ስለሚቀንስ ያው ውጤት ከ12 በላይ ይቆያል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ የሚደረስባት ከተማ የምርመራውን ፍች ቀየረችው ማለት ነው። በዚያ ላይ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2024 መመሪያውን አሻሽሎ የከፍታውን ማስተካከያ ለውጦታል።

እንግዲህ አንድ ፕሮግራመር እዚህ ላይ የሚፈተነው በመቀነሱ አይደለም፤ መቀነስ ማንም ይችላል። ኮምቦልቻ የምትኖር ሴት ደሴ መጥታ ብትመረመር የሚቀነሰው በሆስፒታሉ ከፍታ ነው ወይስ በመኖሪያዋ? የመኖሪያ ቦታዋ በዳታቤዙ ውስጥ ተመዝግቧል? ከማሽኑ የወጣው የመጀመሪያው ቁጥር ሳይነካ ተቀምጦ የተስተካከለው ለብቻው ተመዝግቧል ወይስ አንዱ በሌላው ላይ ተጽፎበታል? ስሌቱ በየትኛው ዓመት ሰንጠረዥ እንደ ተሠራስ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው ሊያውቅ ይችላል? እነዚህን ጥያቄዎች ኮድ ከመጻፉ በፊት የሚያነሣ ሰው የሕክምና ትምህርት ባይኖረውም ይፈለጋል። የመለኪያ አሃዱም ነገር እንዲሁ ነው፤ የስኳር መጠን በሚሊግራም በዴሲሊትርና በሚሊሞል በሊትር ሲጻፍ ልዩነቱ 18 እጥፍ ያህል ሲሆን፣ ለኩላሊት ምርመራ የሚታየው ክሬቲኒን ደግሞ ከሚሊግራም በዴሲሊትር ወደ ማይክሮሞል በሊትር ሲለወጥ በ88.4 ይባዛል። አሃዱን ከቁጥሩ ለይቶ በርዕስ ላይ ብቻ የሚያስቀምጥ ሰንጠረዥ ባየሁ ቁጥር እጠራጠራለሁ።

ስለ ጃቫስክሪፕት ችሎታዎ ደስ የሚል ነገር ልንገርዎ። አገራችን ለጤና ሪፖርት የምትጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የደቡብ አፍሪካ ሥራ ሆኖ በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተባብረው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥርዓት ነው። የውስጡ ክፍል በጃቫ ቢጻፍም ተጠቃሚው የሚያያቸው መተግበሪያዎች በሪአክት (በጃቫስክሪፕት የገጽታ መሥሪያ) የሚሠሩ ስለሆኑ እርስዎ ዛሬውኑ ሊገቡበት ይችላሉ። ለመለማመጃ የተዘጋጀና በሴራሊዮን ስም የተሰየመ የሙከራ ዳታ ያለው ሰርቨርም ክፍት ነው። የሕመምተኛን የግል ማኅደር የሚይዘው ኦፕንኤምአርኤስም እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ ክፍት ሥራ ሲሆን አዲሱ የገጽታ ክፍሉ እንዲሁ በሪአክት ነው።

የእኛ አገር ሰው ብልጫ የሚኖረው ደግሞ የውጭ ገንቢ በማይጠረጥረው ቦታ ነው። የዘመን አቆጣጠራችን 13 ወር አለው፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ጳጉሜን ለብቻዋ እንደ ወር የቆጠረ ግራፍ የሕሙማን ቁጥር በድንገት እንዳሽቆለቆለ ያሳያል። ነርሷ «3 ሰዓት ላይ ተሰጥቷል» ብላ የጻፈችውን መድኃኒት ሥርዓቱ ሌሊት 9 ሰዓት የተሰጠ አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል። ካርድ ክፍል ውስጥ መሐመድ፣ ሙሐመድና መሀመድ ተብሎ ሦስት ጊዜ የተመዘገበው አንድ ሰው ይሁን ሦስት ሰው የሚለየው የአባት ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ ተገናዝቦ ነው፤ ዕድሜ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በግምት የተነገረ ነው። በወሎ በዚህ ስም ስንት ሰው እንደሚጠራ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። ይህን በአግባቡ የሚፈታ ሥርዓት መሥራት ጥሩ ፈተና ነው፤ የምጽፈው ነገር ያው ሆነብኝ ላሉት መልሱ እዚሁ አለ።

መልስ፦ ከጦሳ ማዶ

በመረጃ ሥርዓቱ በኩል የተሰጠው መልስ በቂ ስለሆነ እኔ ስለ መሣሪያው ወገን ልጨምር። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ሲሆን አሁን የምሠራው ከአገር ውጭ የሕክምና መሣሪያ በሚያመርት ድርጅት ውስጥ ነው። ከድረ ገጽ ሥራ የመጣ ሰው እዚህ ሲገባ መጀመሪያ የሚያስደነግጠው የሚጻፈው ኮድ ማነስና የሚሞላው ሰነድ መብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቶ በ2015 የተሻሻለው አይኢሲ 62304 የተባለው የሕክምና መሣሪያ ሶፍትዌር ዓለም አቀፍ ደረጃ ሶፍትዌሩን ሊያደርስ በሚችለው ጉዳት መጠን ለሦስት ይከፍለዋል፤ ጉዳት የማያደርሰው በመጀመሪያው፣ ቀላል ጉዳት ሊያደርስ የሚችለው በሁለተኛው፣ ለሞት ወይም ለከባድ ጉዳት ሊዳርግ የሚችለው በሦስተኛው ምድብ ይገባል። በሦስተኛው ምድብ ያለ ሶፍትዌር እያንዳንዱ ክፍሉ አስቀድሞ በዝርዝር ተነድፎ፣ ከየትኛው መስፈርት እንደ መነጨና በየትኛው ፍተሻ እንደ ተረጋገጠ ተያይዞ መገኘት አለበት። ከሌላ የተወሰደ እያንዳንዱ ላይብረሪም (ተዘጋጅቶ የተገኘ ኮድ) ከነዕትም ቁጥሩና ከሚታወቁበት ጉድለቶች ጋር ይመዘገባል። በኤንፒኤም (በጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ማውረጃው) የፈለጉትን አውርዶ መጨመር የለመደ እጅ እዚህ ይታሰራል።

ይህ ሁሉ ወረቀት ከየት እንደ መጣ ለመረዳት የቴራክ-25ን ታሪክ ማንበብ ይገባል። ይህ በካናዳ የተሠራ የጨረር ሕክምና መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማንን ከታዘዘላቸው እጅግ በበለጠ ጨረር የመታ ሲሆን ቢያንስ ሦስቱ ለሞት ተዳርገዋል። ከእርሱ በፊት የነበረው ቴራክ-20 ተመሳሳይ የሶፍትዌር ጉድለት ቢኖርበትም ጨረሩን የሚያግድ ከሶፍትዌሩ ውጭ የሆነ መቆለፊያ ስለ ነበረው ጉድለቱ ሰው ሳይጎዳ ተደብቆ ኖረ፤ አዲሱ መሣሪያ መቆለፊያውን አስቀርቶ ጥበቃውን ሁሉ ለሶፍትዌር ሲተወው ግን የተደበቀው ወጣ። ከተገኙት ስሕተቶች መካከል አንዱን በቅርብ ይመልከቱት። ፍተሻ እንደሚያስፈልግ ለማመልከት የተቀመጠ አንድ ተለዋዋጭ በየዙሩ አንድ ይጨመርበት ነበር፤ ቦታው አንድ ባይት ብቻ ስለሆነ ከ255 በላይ መቁጠር አይችልም፤ ስለዚህም በየ256ኛው ዙር ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ዜሮ ማለት ደግሞ «ፍተሻ አያስፈልግም» ማለት ነበር። ኦፕሬተሩ ቁልፉን የተጫነው ልክ በዚያች ቅጽበት ከሆነ መሣሪያው ፍተሻውን ዘልሎ ያልፋል። በየዙሩ ከመጨመር ይልቅ አንድ ቋሚ ቁጥር ቢሰጠው ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር። እንዲህ ያለው ኮድ በተለመደው ሙከራ ሁሉ ያልፋል፤ ደጋግሞ መሞከርም ላያጋልጠው ይችላል፤ የሚያጋልጠው ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር ሲያነበው ነው።

ወደዚህ ወገን ለመግባት ሲ እና ሲ ፕላስ ፕላስ በእርግጥ ያስፈልጋሉ። ይሁንና ኮምቦልቻ ተቀምጠው በቀጥታ የመሣሪያ አምራች ቤት መግባት ከባድ መሆኑን አልደብቅም፤ እንዲህ ያለ ሥራ መሣሪያው፣ መሐንዲሱና ሐኪሙ አንድ ጣሪያ ሥር ሲሆኑ የሚሠራ ነው። ከእርስዎ ጋር የሚቀራረበው በመሣሪያውና በመረጃ ሥርዓቱ መካከል ያለው ድልድይ ነው፤ የእኅትዎ ቤተ ሙከራ ያለበት ችግር ይኸው ነው። ብዙ የላብራቶሪ ማሽኖች ከኋላቸው ባለ ወደብ ውጤታቸውን በጽሑፍ መልክ መላክ ይችላሉ፤ የመልእክቱ አቀራረብም አብዛኛውን ጊዜ ኤኤስቲኤም ወይም ኤችኤል7 በተባሉት ደንቦች ይሆናል። ያንን መልእክት ተቀብሎ ከትክክለኛው የካርድ ቁጥር ጋር አገናኝቶ የሚያስቀምጥ አስተማማኝ ፕሮግራም መጻፍ በፓይተንም ይቻላል። አስተማማኝ የሚያሰኘው መብራት ሲጠፋ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረውን መልእክት ምን እንደሚያደርገው ነው።

መልስ፦ አራዳ

ሁለቱም መልሶች ጥሩ ናቸው፤ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ግን አልተነገረም። በአገራችን የጤና መረጃ ሥራ ለረጅም ጊዜ በርዳታ ገንዘብ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ባቆመ ጊዜ በዚያ ገንዘብ የቆሙ የጤና ፕሮጀክቶች እንዴት እንደ ተናጉ ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ ወንድሜ ቦርከና፣ ያሉትን ነጋዴ ደንበኞች አይልቀቁ። የግል ክሊኒኮችና የመድኃኒት መደብሮች ትንሽም ቢሆን ከኪሳቸው የሚከፍሉ ናቸው፤ ከእነርሱ ቢጀምሩ የዘርፉን ቋንቋ እየተከፈልዎ ይማራሉ። በጎን የሚያጠኑትን ያጥኑ፤ የቤት ኪራይ ግን የሚከፈለው ገና ለገና በሚመጣ ፕሮጀክት አይደለም።

ምላሽ፦ ቦርከና (ጠያቂው)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአራዳ ምክር ገብቶኛል፤ ደንበኞቼን አልለቅም። የሄሞግሎቢኑ ምሳሌም ሆነ የማሽኑና የመዝገቡ ድልድይ ጉዳይ ስቦኛል። አንድ ያልተመለሰልኝ ነገር ስለ ትምህርት ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪ ብማር ይሻላል ወይስ በራሴ እያጠናሁ ልቀጥል? ወደ ምርምሩ ወገንስ የሚገባ ሰው በምን ይለማመዳል? የሚሠራበት ዳታ ከየት ያገኛል?

መልስ፦ የቁጥር ነገር

እኔ ከተመራማሪዎች ጋር በዳታ ትንተና የምሠራ ሴት ነኝ፤ ስለ ምርምሩ ወገን ልመልስልዎ። ሁለተኛ ዲግሪ በር ይከፍታል፤ በተለይ በጤና ኢንፎርማቲክስ ወይም በስታቲስቲክስ ከሆነ ሥራው ላይ የሚውል ነው፤ በጤና ኢንፎርማቲክስ በኩል የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የታወቀ የትምህርት ክፍል አለው። በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ግን ሌላ ዲግሪ ቢጨምሩ ለዚህ ዘርፍ የሚጨምርልዎ ጥቂት ነው። የጎደለዎት ስታቲስቲክስ ነው። ናሙና፣ የመለኪያ ስሕተት፣ ምርመራ ሕመምተኛውን የማግኘትና ጤነኛውን ለይቶ የማወቅ ብቃቱ ምን እንደሆኑ የማያውቅ ገንቢ ከሐኪም ጋር ሲነጋገር በአስተርጓሚ እንደሚነጋገር ሰው ነው።

ምርምር ቤት ውስጥ ሲገቡ የሚያገኙት ኮድ እንደሚያስከፋዎት አስቀድመው ይወቁት። ተመራማሪው ፕሮግራመር ስላልሆነ ሁሉ ነገር በኤክሴል ነው፤ ኤክሴል ደግሞ ባልተጠየቀው ነገር ላይ አስተያየት የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። የሰው ዘረመሎች መጠሪያ ከሆኑት መካከል ማርች 1 እና ሴፕት 2 የተባሉትን ቀን መስለውት ወደ መጋቢትና ወደ መስከረም ቀናት ይለውጣቸው ስለ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት የኤክሴል የዘረመል ዝርዝር አያይዘው ከወጡ ጽሑፎች መካከል አንድ አምስተኛ ያህሉ በዚህ ስሕተት የተበከሉ መሆናቸውን አሳይቷል። በመጨረሻ በ2020 የተሸነፈው የዘረመል ስም ሰጪው ኮሚቴ ነው፤ ስሞቹን ቀየራቸው። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ወደ 16,000 የሚጠጉ የኮቪድ ተጠቂዎች በዕለታዊው ቁጥር ውስጥ ሳይገቡ የቀሩት የድሮው የኤክሴል ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ ስለማይዝ ነበር፤ የተጠቂዎቹን ንክኪዎች ማፈላለጉም በዚያው ዘገየ። ምሳሌዎቹን ያነሣሁት ኤክሴልን ለመውቀስ አይደለም፤ እንደ እርስዎ ያለ የተግባር ገንቢ ጥሬውን ዳታ ለይቶ ማስቀመጥ፣ እያንዳንዱን ለውጥ በኮድ መሥራትና የኮዱን ታሪክ በጊት (የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ፕሮግራም) መያዝን ለተመራማሪ ቢያስተምር ምን ያህል እንደሚጠቅም እንዲታይዎት ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች የምርምር ሶፍትዌር መሐንዲስ የሚል መጠሪያ ይዘው ራሱን የቻለ ሙያ አድርገውታል።

ለመለማመጃ የሕክምና ዳታ ከሚያቀርበው ከፊዚዮኔት ድረ ገጽ የልብ ምት ዳታ የተሻለ አላውቅም። ኤምአይቲ-ቢአይኤች የተባለው ስብስብ እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰዓት የሚፈጁ 48 የኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምልክት) ቅጂዎች አሉት፤ በሰከንድ 360 ጊዜ የተለኩ ሲሆኑ የልብ ሐኪሞች እያንዳንዱን ምት ምልክት አድርገውበታል፤ በነፃም ይወርዳል። የልብ ምት ጫፍን የሚያገኝ ፕሮግራም በፓይተን ይጻፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የፓንና የቶምፕኪንስ ዘዴ ለመነሻ ይበቃል። ከዚያ ስንቱን ምት እንዳገኘ፣ ስንቱን እንዳመለጠውና ስንት ቦታ የሌለ ምት እንዳየ ከሐኪሞቹ ምልክት ጋር እያነጻጸሩ ይቁጠሩ። ከ48ቱ አንዳንዶቹ ላይ ፕሮግራምዎ ግራ ይጋባል፤ እነዚያን ቅጂዎች በሥዕል አውጥተው ለሐኪም ያሳዩ። ከዚያ ውይይት የሚያገኙት ትምህርት ከየትኛውም የኢንተርኔት ኮርስ ይበልጣል። አርንም ሆነ ሌላ ቋንቋ ሥራው ሲጠይቅዎ ይማሩታል፤ ኑምፓይ የተባለው የፓይተን የስሌት ላይብረሪ ከሥሩ የሚጠራቸው የማትሪክስ ስሌቶች እንኳ በፎርትራን፣ በአሮጌው ቋንቋ፣ ከተጻፈው ላፓክ ከተባለው የስሌት ስብስብ የመጡ ናቸውና አሮጌ ቋንቋ ቢገጥምዎ አይሸሹ።

መልስ፦ ካርድ ክፍል

ስለ ዳታው አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በእኅትዎ በኩል ከላብራቶሪ የእውነተኛ ሕሙማን ውጤት በፍላሽ ተቀብለው እንዳይለማመዱበት፤ ስም ቢሰረዝ እንኳ ካርድ ቁጥር፣ ቀበሌና ቀን ተገጣጥመው ሰውየውን ያሳውቃሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መካከል አስቀምጦታል፤ ነገሩ በእርስዎ ላይ ባይመጣ በእኅትዎ ሥራ ላይ ይመጣል። ሲንቲያ የተባለው ክፍት ፕሮግራም የሌሉ ሕሙማንን ሙሉ የሕክምና ታሪክ ፈጥሮ፣ ፋየር በተባለው የመረጃ መለዋወጫ አቀራረብ ያወጣልዎታል። በሽታዎቹም ስሞቹም የአሜሪካ ናቸው፤ ስለዚህ ስሞቹን በወሎ ስሞች፣ ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር እየተኩ ቢሠሩበት ከላይ ያነሣኋቸውን ችግሮች ሁሉ ያገኟቸዋል።

ያንን ሠርተው የሚያሳዩት ነገር ሲኖርዎት ደሴ በሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ወይም እዚያው ኮምቦልቻ ባለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ምርምር የያዙ መምህራንን ያነጋግሩ። ሲሄዱ «ሥራ አለ ወይ?» ብለው ሳይሆን የተዘጋጀውን በላፕቶፕ ይዘው፣ የትኛው ቁጥር ከየት እንደ መጣ ለማሳየት ተዘጋጅተው ይሂዱ። የእውነተኛ ዳታ ፈቃድ ከሥነ ምግባር ኮሚቴው የሚጠየቀው በእነርሱ በኩል ስለሆነ ያኔ በሕጋዊ መንገድ ይደርስዎታል።